ባለ ቆርኪው ይናገር

በርገን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፣

ዝናብ ከማያባራበት አገር የተላከ የወንድም ሰላምታ ባለሽበት ይድረስሽ። እኔ በደህና አለሁ። እናንተም በደህና እንድትቆዩኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ። አንገር ጉቲን ስትወርጂ እናትሽን እትዬ አሰፋችን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ልጅ ለእረፍት ወደ ጊምቢ የሚሄድ ያገራችን ሰው ነው። አንዲት የካርቶን ሣጥንም አብሬ ሰጥቼዋለሁ። ልብስ ወይም ሽቶ ጠብቀሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ውስጧ ያለው ጨዋታ ነው። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አራት ባልደረቦች አሉኝ፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ከበን እንጫወታለን። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የቀረነው እያንዳንዳችን የአንድ መንገደኛ ሚና ይዘን «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያልን እንመልሳለን። ይሳካ እንደሆነና እንዳልሆነ ዳይስ ይወስናል። እንደ ሉዶ ዳይስ ናት፣ ግን ሃያ ገጽ አላት። ሕጉን የያዘውን ደብተር በትርፍ ጊዜዬ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ሃያ አራት ገጽ ወጣው። አንቺ መምህርት ነሽ፣ ግቢያችሁም ሰው አይጠፋበትም። ተጫወቱትና የነቀምቴ ሰው እንዴት እንደሚጫወት ጻፊልኝ።

አሁን ስለ አባቴ፣ አንቺንም ስላሳደገሽ ስለ ጋሼሽ። ከነሐሴ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። አርጆ እህቱ ዘንድ እንደከረመ፣ እዚያም ኔትወርክ እንደሌለ ነግረሽኛል። አባቴ ግን እንኳን ሦስት ወር ሦስት ቀን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ሲሠራ ምላሱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ወደ ከተማ የተመለሰ ዕለት አገናኚኝ። ያንቺም ስልክ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ እየተቆረጠ ስላስቸገረን እንዲህ በጽሑፍ እንነጋገር። ጽፈሽ፣ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪው። ፎቶ ይደርሳል።

የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ በግንቦት ይታያል ብለውኛል። እስከዚያ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ለአባቴ ይህን ንገሪው፣ ሁልጊዜ ይጠይቀኝ ነበርና።

ወንድምሽ ሠርፀ መሸሻ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሠርፀ፣

«አካም ጅርታ፣ ፈያዳ?» እያለ ሰፈሩ በሙሉ ጤንነትህን ጠይቋል፤ የኔም ሰላምታ ከነሱ ጋር ተደምሮ ይድረስህ። እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ። ሣጥኑ በሰላም ደርሷል። ለጥየቃ መጥታ የነበረችው እናቴ ዳይሷን አይታ የመድኃኒት ፍሬ መስላት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ አራት ሆነን ጀመርን። አንዱ ቂርቆስ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሌንሳን ታውቃታለህ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆናለች። ሦስተኛው ባቻ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሌንሳን ሊያደርስ መጥቶ በዚያው ቀረ። እኔ ተራኪ ሆንኩ። ማርና ቡና ጭነው ወደ ዴዴሳ ወንዝ የሚወርዱ የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች አደረግኋቸው፣ አገሩን ያውቁታል ብዬ።

ምን ልበልህ፣ ሠርፀ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መንገዱን ሬሳ አለበሱት። ያገኙትን ሁሉ ወጉ። የሚገርመኝ ደግሞ ቂርቆስ ነው። ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ተማሪ ሲያጠፋ እሱ የሚያፍር ሰው ነው። እሱ ራሱ፣ ስለ መንገዱ የጠየቀቻቸውን አንዲት ባልቴት ጎተራዋን አቃጠለባት። «ምን አደረገችህ?» አልኩት።

«ምንም። ሃምሳ ነጥብ ያሰጣላ» አለኝ፣ ፈገግ ሳይል።

ሌንሳ ብቻ ስንቋን ለተራበ መንገደኛ አካፈለች። ሕጉ ለዚያ ምንም አይሰጥም። ስንቋ አለቀና ወንዙ ላይ ከሁሉም ቀድማ ሞተች። ሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እሷም ሰይፍ ገዝታ መጣች። ባቻም ማንንም አያስወራም፤ የራሱን ተራ ጨርሶ የሰው ተራ ይጀምራል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደብተርህን ቆጠርኩት። ከሃያ አራቱ ገጽ አሥራ አምስቱ ስለ ውጊያ ነው። ስለ መነጋገር ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ማነጋገር የፈለገ ዳይስ ይጣል፣ ከአሥራ ሁለት በላይ ከመጣለት ተሳክቶለታል» ይላል። ትርጉምህ ግን ጥሩ ነው፣ ያረምኩት አራት ቃል ብቻ ነው።

ጋሼ ደህና ናቸው። አርጆ ናቸው። ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ትሕትና


በርገን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፣

በያላችሁበት ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ እየሳቅኩ መውረጃዬን አለፍኩት።

ቂርቆስን አትፍረጂበት። እዚህ ኦላቭ የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ አንዲት አሮጊት ካልሲዋን በራሷ እጅ እስክታጠልቅ ሩብ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጨዋታ እጁን የሰጠ እስረኛ ገደለ። በነጋታው ሥራ ላይ ስንገናኝ አፍሮ ነበር። ተነጋገርንበት። እስረኛን የማረ ሰው ምን እንደሚያገኝ ደብተሩ ውስጥ ፈለግን፣ አንድ ቃል የለም። ሕጉ የሚቆጥርልህን ታደርጋለህ፤ የማይቆጥረው ነገር እንዳለም ትዝ አይልህም። ሌላ ሕግ ስናወጣ ያው ኦላቭ ከሁላችንም በላይ አስታራቂ ወጣው።

ስለዚህ አሥራ አምስቱን ገጽ ቅደጂው። እውነቴን ነው፣ አልቀየምም። የራሳችሁን ሕግ ጻፉ፣ ከዚያ ምን እንደሆናችሁ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ገና ሊደርስ ነው። ወደ አርጆ የሚሄድ ሰው ፈልገሽ የአባቴን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ያምጣልኝ። ረጅም አይሁን፣ «እንኳን አደረሰህ» ብቻ ይበል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ገናን ድምፁን ሳልሰማ ውዬ አላውቅም።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሠርፀ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱም ለጥምቀቱም በሰላም አደረሰህ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። የፈተና እርማት ነበረብኝ፣ ከዚያ በዓሉ መጣ። ወደ አርጆ የሚሄድ ሰው አላገኘሁም። ጋሼ ደህና ናቸው።

ገጾቹን ቀደድኳቸው። በምትካቸው ሁለት ሕግ ጻፍኩ። አንደኛው በባቻ ምክንያት የወጣ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የለስላሳ ቆርኪ አለ፤ የሚናገረው ቆርኪውን የያዘ ብቻ ነው። ራሱ እስኪያስቀምጠው ድረስ ማንም አያቋርጠውም፤ ቃል ቢጠፋውም ማንም አይሞላለትም። ሁለተኛው ስለ ነጥብ ነው። ነጥብ የሚገኘው መንገድ ላይ በስምህ ከሚያውቅህ ሰው ነው። በዴዴሳ ኬላ በር ለማለፍ ከወዲያ ማዶ ስምህን ጠርቶ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ያስፈልግሃል። የገደልከው ሰው ደግሞ ስምህን አይጠራም።

ያው ሰዎች ናቸው፣ ያው በረንዳ ነው። ቂርቆስ አሁን የሚያገኘውን ሁሉ «ስምዎ ማነው? ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ይላል። ጎተራዋን ያቃጠለባትን ባልቴት ፈልጎ ሄደና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጎተራ ሲሠራላት ዋለ። ባቻ ተራው እስኪደርስ ላብ ያጠምቀዋል፣ ግን ይጠብቃል።

አሁን ደግሞ አዲስ ተጫዋች አግኝተናል። ኦቦ ዋቅወያ ይባላሉ፣ ጎረቤታችን ናቸው። በክረምቱ ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ ሊናገሩ ሲሉ ግን ቃሉ አይመጣም። ሰው ሊጠይቃቸው ይመጣና ቃላቸውን እየቀማ ይጨርስላቸዋል። እሳቸውም ተናደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። ፀሐይ እንዲሞቁ በረንዳው ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ ስንጫወት ያዩናል።

ባለፈው ቅዳሜ መንገደኞቹ በሩ ላይ ደርሰው እኔ በረኛ ሆኜ «ምን ትፈልጋላችሁ?» አልኩ። ባቻ ጉቦ ልስጥ አለ፣ ቂርቆስ የሚያውቀውን ሰው ስም ጠራ፣ ሌንሳ ስታስብ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ሌንሳ ቆርኪውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሕጉ ሕግ ነውና ማንም አልተነፈሰም። ቂርቆስ በኋላ እንደነገረኝ አራት ደቂቃ ያህል ሆኗል። እኔ ግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሌንሳ ብቻ በለሆሳስ «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ ይበሉ፣ አለቻቸው። በኋላ «ቢሻን» አሉ።

ውሃ ማለታቸው ነው። ሦስት ሰዎች ስለ ጉቦና ስለ ስም ሲከራከሩ በቅሎዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳልጠጡ ያሰበ አልነበረም። በሩን ከፈትኩት። ቆርኪውን አስቀምጠው ሁላችንንም በየተራ አዩን። ከክረምት ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ትሕትና


በርገን፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

ደህንነታችሁን እየተመኘሁ ነው የምጽፈው። ስለ ኦቦ ዋቅወያ ያነበብኩትን ለባልደረቦቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ኦላቭ ተነስቶ መስኮት ዳር ሄደ።

እኔ ከምጠብቃቸው አረጋውያን ሦስቱ እንደሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። ያወጣሽው ሕግ፣ ሳታውቂው፣ እኛ እዚህ በስንት ሥልጠና የምንማረው ነገር ነው። አትጩሁባቸው፣ ጆሯቸው ደህና ነው። ቃል ሲጠፋቸው በእጅ የሚያመለክቱት ሥዕል ሠርተሽ አጠገባቸው አስቀምጪ። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቋቸው። ከልጅነታቸው የሚያውቁት መዝሙር ካለ አብራችኋቸው ዘምሩ፤ መናገር ያቃተው አፍ መዝሙር ሲሆን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ቀኝ እጃቸውንም በየቀኑ ጣት በጣት እየያዛችሁ አንቀሳቅሱላቸው። የግፊት መድኃኒታቸው አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ሲደክማቸው ወዲያው ተዉአቸው። ልጅ አላቸው? ካላቸው ይህን ሁሉ ንገሪው።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። ስለ ጎረቤት ሽማግሌ ሁለት ገጽ ጻፍሽልኝ። ስለ አባቴ የጻፍሽው ሦስት ቃል ነው። በኅዳር «ጋሼ ደህና ናቸው» አልሽ፣ በጥርም «ጋሼ ደህና ናቸው» አልሽ። ከነቀምቴ አርጆ ስንት ሰዓት ነው? ባቻም ባጃጁን ትቶ ሚኒባስ ቢሳፈር ለምሳ ይደርሳል። ድምፁ ይቅር። በዚህ ሳምንት የተነሳ ፎቶ ላኪልኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሠርፀ፣

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምህ። ዘገየሁ፣ አውቃለሁ። ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ጋሼ ደህና ናቸው፣ እየው።

የነገርከኝን ሁሉ አደረግን። ሥዕሎቹን ሌንሳ ሠራች። የኦቦ ዋቅወያ እጅ ጣቶቹ መታጠፍ ጀምረዋል። እናቴ ከአንገር ጉቲን መጥታ መዝሙር ስታስጀምራቸው እስከ ግማሹ ድረስ አብረዋት ሄዱ፤ እሷ መቀጠሉ አቅቷት አለቀሰች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝምና አንተ ታውቀው እንደሆነ ልጠይቅህ። ሻይ ይፈልጋሉ ብዬ ብጠይቃቸው አፋቸው ይቆለፋል፣ ወደ ሥዕሉ ያመለክታሉ። ስለ ራሳቸው አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ጨዋታው ላይ ግን አንድ የጨው ነጋዴ ሰጠኋቸው፤ ያ ነጋዴ ይናገራል። በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገራል። ባለፈው ቅዳሜ ባቻ ጨው በርካሽ ሊገዛቸው ተከራከራቸው። ቆርኪውን ያዙ፣ ቆዩ፣ ከዚያ «ነጋዴው... በዚህ ዋጋ... አልሸጥም ይላል» አሉ። ትንሽ አረፉና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቃሉ ይህ ነው» ብለው ቆርኪውን አስቀመጡ። አጨበጨብንላቸው። ባቻ በጠየቁት ዋጋ ገዛ።

ቂርቆስ በትንሣኤ አገሩ ሊሄድ አስቦ ነበር፣ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ብሎ ተወው።

ትሕትና


በርገን፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሕትና፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ።

ፎቶውን ከፈትኩት። ከአባቴ ኋላ የአቮካዶው ዛፍ ቆሟል። ያ ዛፍ የተቆረጠው እኔ አገር ቤት ሳለሁ ነው፤ ግንዱን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ፎቶ ስለምንሽ የድሮ ፎቶ ከላክሽ የዛሬ የለም ማለት ነው። እኛ አገር መርዶ ውጭ ካለ ሰው እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ፤ በሌሎች ላይ ሲደረግ እኔም አብሬ ደብቄያለሁ። አባቴ በነሐሴ ሞቷል አልኩ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ የዕቃ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኦላቭ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ደብዳቤሽን አልጨረስኩትም ነበር። ስልኬ እጄ ላይ እንዳለ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። «ቃሉ ይህ ነው» ይላል።

ነቀምቴ ውስጥ እንዲህ ብሎ ንግግሩን የሚዘጋ ስንት ሰው አለ? ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት ፍርድ ቤት ስሄድ ከበሩ ላይ ቆሜ እሰማው ነበር። ምስክሩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ አባቴ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ይጠርግና ለዳኛው «ቃሉ ይህ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው አፍ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ለምን በነጋዴው አፍ ሊናገር እንደቻለ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ያ ሥራው ነው። የራሱን ቃል ማን ጠየቀው?

ኦቦ ዋቅወያ የሚባል ጎረቤት የለም። አለ?

ትሕትና፣ አባቴ ታሟል ብዬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ መሬት ላይ ተቀምጬ አመሰገንኩት። ኦላቭ ለምን እንደምስቅና እንደማለቅስ ግራ ገባው። «አባቴ ታሟል» አልኩት። «አዝናለሁ» አለኝ። «አይደለም፣ አልሞተም፣ ታሟል» አልኩት።

ተቀይሜሻለሁ። እሱን ግን በኋላ እናወራዋለን። መጀመሪያ እውነቱን ጻፊልኝ፣ ሁሉንም።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሠርፀ፣

ይቅርታህን እየለመንኩ ነው የምጀምረው። ጎረቤት የለም። ጋሼ ናቸው። ሰባት ወር ከደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር፣ ደብዳቤህን ሳነብ ወረደ። ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ፣ ከዚያ ረሃብ ተሰማኝ። ስንት ጊዜ ሆነኝ ረሃብ ከተሰማኝ።

ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ግቢው ውስጥ ወደቁ። ቂርቆስና ባቻ ተሸክመው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱልን። አሥራ ሁለት ቀን ተኛን። ሐኪሞቹ ቶሎ ስለመጣችሁ ተርፈዋል አሉን። በሦስተኛው ቀን ላንተ ልደውል ስልኬን ሳወጣ በግራ እጃቸው መትተው ጣሉት። አልገባኝም፣ አንስቼ እንደገና ሞከርኩ። እንደገና መቱት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አልጋው ላይ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ደጋግመው ጫኑ። ወረቀቱን ማለታቸው ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድህን። ልንገረው ወይስ አልንገረው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አትንገሪው። እስኪጨርስ? አዎ። አስማሉኝ ማለት ይቻላል፣ ያለ ቃል።

ጋሼ ከአንገር ጉቲን አምጥተው ቤታቸው አስቀምጠው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እናቴ የአጎታቸው ልጅ ናት እንጂ ልጃቸው አይደለሁም፤ ግን አንድ ቀንም እንዲህ እንዲሰማኝ አላደረጉም። እምቢ ልላቸው አልቻልኩም። ስልኩም አይቆራረጥም ነበር፣ ሠርፀ። የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። በስልክ ብዋሽህ ድምፄ ያሳብቅብኛል፣ በጽሑፍ ግን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። የጎረቤቱን ነገር የፈጠርኩት ደግሞ ስለ እሳቸው ላንተ ሳልነግር መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ምክርህን ስታዘንብልኝ «ልጅ ካላቸው ንገሪው» ያልከውን አንብቤ ወረቀቱን ትራስ ስር ደበቅኩት።

ትናንት ደብዳቤህን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ደረሰብን አልኳቸው። አነበብኩላቸው። የዕቃ ክፍሉ ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የፍርድ ቤቱ ጋ ስደርስ ከፈቱት። ስጨርስ ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ይዘው ግንባራቸው ላይ አስደገፉት፣ ረጅም ጊዜ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፣ መደበቁ።

እሑድ ከሰዓት በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ደውል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እኔ እይዝላቸዋለሁ። ሕጉን ታውቀዋለህ። እስከፈለጉት ድረስ ይቆዩ፣ አንተ ቃል አትሙላላቸው። ምናልባት ምንም ላይሉ ይችላሉ። ያኔም አትዘን።

እህትህ ትሕትና


በርገን፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ለምወድሽ እህቴ ለትሕትና፣

ያሳረፈኝ አምላክ አንቺንም ያሳርፍሽ። አንቺ እዚያው ስለነበርሽ ከወዲያ በኩል የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ከወዲህ በኩል የሆነውን ልንገርሽ።

እዚህ ባለሙያ ተብዬ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አስተምራለሁ። «ጠብቁ፣ አትሙሉላቸው» እላለሁ። የራስ አባት ሲሆን እንዴት ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስልኩን አንስተሽ «ጋሼ፣ ሠርፀ ነው» ስትያቸው ትንፋሹን ሰማሁት። «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ፣ አልቸኩልም» አልኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። «እ... እ...» ሲል እንዴት ነህ ሊለኝ ነው አልኩ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና በእጄ ያዝኩት። ኦላቭ ሰዓት እየተመለከተ አጠገቤ ቆሟል። ቀጥሎ «ጥ...» ሲል ጥሪ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ሊለኝ የሚችለውን ሁሉ አሰብኩ። አትምጣ ሊለኝ ይችላል፣ ና ሊለኝ ይችላል፣ ስለ ፈቃዱ ሊጠይቀኝ ይችላል። ለሁሉም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ጥርስህን... ታከምከው?» አለኝ።

ከመታመሙ በፊት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ባወራን ጊዜ መንጋጋ ጥርሴን አሞኝ እንደማልተኛ ነግሬው ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ወድቆ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አንደበቱ ተይዞ፣ ሰባት ወር ሙሉ ጥርሴን ይዞት ኖሯል። በነጋዴ አፍ አይደለም የጠየቀኝ፣ በራሱ ነው።

«ነቀሉልኝ አባባ፣ በመስከረም» አልኩት። «አሁን አያመኝም።»

ሳቀ። ሰምተሽዋል፣ ሳቁ አልታመመም፣ ያው የድሮው ነው። ከዚያ ደከመውና ስልኩን ወሰድሽ። ኦላቭ «ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው እሱም ሳቀ።

ቂሙን ትቼዋለሁ። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ በነጋታው አውሮፕላን እሳፈር ነበር፤ ሁለታችሁም ታውቁኛላችሁ። ከእንግዲህ ግን ፎቶም ድምፅም እንዳትደብቂኝ፣ መጥፎም ቢሆን። ቂርቆስንና ሌንሳን አመስግኚልኝ። ለባቻ አባቴን ተሸክሞ ስላደረሰልኝ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለኝምና «ገለቶሚ»፣ አመሰግናለሁ በይልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በየእሑዱ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። በግንቦት ወረቀቱ ካለቀ በክረምት እመጣለሁ፤ ካላለቀም እንጠብቃለን።

ከነሐሴ ጀምሮ ስልኬን ትራሴ ስር ይዤ ነበር የምተኛው። በጮኸ ቁጥር መርዶ ነው እያልኩ እደነግጥ ነበር። አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ የክፍሌም በር ተዘግቷል። ውጭ ዝናብ አለ። እረፍቴ እስከ ነገ ነው። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፍልሽ። አሁን ልተኛ ነው።

ወንድምሽ ሠርፀ